በአንድ ሻንጣ ሁለት ማስታወሻ

በ19ኛው መቶ ዓመት አንድ እንግሊዛዊ ባለጸጋ ሴት ልጁን ይዞ ወደ ውጭ አገር ሲጓዝ፥ ከሐር ቀሚሷና ከባርኔጣዋ ጋራ በሻንጣዋ ውስጥ የሚገባ አንድ ዕቃ ነበረ፤ ይኸውም ገና አንድ ቃል ያልተጻፈበት ደብተር ነው። ልጅቱ በየማታው ከመኝታዋ በፊት የዋለችበትን፥ ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ በዚያ ደብተር ላይ እንድትጽፍ ይጠበቅባት ነበር። ወንድሞቿ ወደ ኦክስፎርድና ወደ ካምብሪጅ ሲሄዱ ለእርሷ የዩኒቨርሲቲ በር ዝግ ስለ ነበረ፥ የውጭ አገር ጕዞ እንደ መጨረሻ ትምህርቷ ይቈጠር ነበር፤ ደብተሩም እንደ ፈተና ወረቀቷ ነበረ ማለት ይቻላል።

ናፖሊዮን በ1815 ድል ከሆነና የአውሮፓ መንገድ ከጦር ካረፈ በኋላ፥ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ ስዊስና ወደ ኢጣልያ የሚጐርፈው ቤተ ሰብ እጅግ በዛ። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1836 ጆን መሪ የተባለው የለንደን አሳታሚ ለመንገደኞች መምሪያ የሚሆኑ መጻሕፍት ማውጣት ጀመረ፤ መንገደኛው የት ቢያድር እንደሚሻለው፥ በየከተማው ምን ሊያይ እንደሚገባው መጽሐፉ ይነግረው ነበር። ስለዚህም የልጃገረዶቹ ደብተር ብዙውን ጊዜ የዚያ መምሪያ ግልባጭ እስኪመስል ድረስ አንዱ ከሌላው አይለይም። ዛሬ ዝናብ ነበረ፥ የሆቴሉ አልጋ መልካም ነው፥ ካቴድራሉ ያምራል፥ ከምሳ በኋላ እነእገሌ ሊጠይቁን መጡ እያለ ይቀጥላል። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹን አንብቦ ለመጨረስ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ይህም የሆነው ልጃገረዶቹ ዕውቀት ስላነሳቸው አይደለም፤ ደብተሩ የብቻቸው ስላልነበረ ነው። እናት ታነበዋለች፤ አክስት እንዲላክላት ትጠይቃለች፤ ወደ አገር ቤት ሲመለሱም ዘመድ አዝማድ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ተሰብስቦ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያዳምጣል። ሰው ሁሉ በሚያነበው ደብተር ላይ ልቡን የሚጽፍ ማን ነው? እኛም በትምህርት ቤት ተማሪዎቻችንን ስለ ክረምቱ ዕረፍታችሁ ድርሰት ጻፉ ስንላቸው፥ የክፍሉ ልጅ በሙሉ አንድ ዓይነት ክረምት ያሳለፈ ይመስላል። ለመምህር የሚጻፍና ለራስ የሚጻፍ አንድ አይደለምና።

ለዛሬ የመረጥናት ልጅ ሁለቱንም የጻፈች ናት። ስሟ ለአንባብያን እንግዳ አይደለም፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ትባላለች። ሁላችንም የምናውቃት በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቍስለኞች አልጋ መካከል የምትመላለስ አስታማሚ ሆና ነው። የተወለደችበት ሜይ 12 ቀን እስከ ዛሬ የዓለም ነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል። ነገር ግን ፋኖሱን ከማንሣቷ በፊት 34 ዓመት ኖራለች፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ያለፈው አንድ ነገር እየለመነች ስትከለከል ነው። ይህን የምንረዳው ከጕዞ ማስታወሻዎቿ ነው።

አባቷ ዊልያም ናይቲንጌል ከዘመድ ብዙ ሀብት የወረሱ ሰው ነበሩ። አንዱ ቤታቸው በደርቢሻየር፥ ሁለተኛውና ሰፊው ኤምብሊ የሚባለው በሃምፕሻየር ነበረ። ከሠርጋቸው በኋላ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፋኒ ጋራ በኢጣልያ ሲኖሩ ሁለት ሴቶች ልጆች ተወለዱላቸው። ታላቋ በ1819 በኔፕልስ ስለ ተወለደች በከተማይቱ ጥንታዊ የግሪክ ስም ፓርተኖፒ ተባለች፤ ታናሿ በ1820 በፍሎረንስ ከተማ ስለ ተወለደች ፍሎረንስ ተባለች። ወላጆቹ የጕዟቸውን ማስታወሻ በልጆቻቸው ስም ላይ ጻፉት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባትየው ራሳቸው መምህር ሆነው ልጆቹን ግሪክና ላቲን፥ ፈረንሳይኛ፥ ጀርመንኛና ኢጣልያንኛ፥ ታሪክና ፍልስፍና አስተማሯቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ትምህርት ያገኘች ሴት ልጅ በጣት የምትቈጠር ነበረች።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1837 ገና 17 ዓመት ሳይሞላት፥ ፍሎረንስ እግዚአብሔር ለአገልግሎቱ እንደ ጠራት በግል ወረቀቷ ላይ ጻፈች። አገልግሎቱ ምን እንደ ሆነ ግን አልተገለጠላትም፤ ለማንም አልተናገረችም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ቤተ ሰቡ ኤምብሊን ለማስፋት ግንበኞች አስገብቶ ወደ አውሮፓ ተነሣ። አባቷ ራሳቸው ዐቅደው ያሠሩት ሠረገላ 12 ሰው የሚይዝ፥ ስድስት ፈረሶች የሚስቡት ነበረ፤ ቀኑ ብራ ሲሆን ልጆቹ ከጣራው ላይ ተቀምጠው አገሩን ያያሉ። እንዲህ ሆነው በፈረንሳይ አቋርጠው ወደ ኒስ፥ ወደ ጄኖቫ፥ ወደ ፍሎረንስ፥ ኋላም ወደ ጄኔቫና ወደ ፓሪስ ሄደው በ1839 ተመለሱ።

የዚህ ጕዞ ማስታወሻዋ የሚያስደንቅ ነው። በስንት ሰዓት ተነሡ፥ በስንት ሰዓት ደረሱ፥ ስንት ማይል ሄዱ፤ ይህን ሁሉ ሳታጓድል ትጽፋለች። የየአገሩን ሕግ፥ የመሬቱን ሥሪት፥ የድኾቹን ኑሮ፥ የምጽዋት ቤቶቹን አሠራር ትመዘግባለች። በኢጣልያ ኦፔራ ወድዳ ነበርና፥ የሰማችውን እያንዳንዱን ኦፔራ ዜማውን፥ ቃሉንና አዘፋፈኑን በሠንጠረዥ ከፋፍላ ታወዳድር ነበር። በየግብዣው መደነስም ደስ ይላት ነበር። ታዲያ ከጕዞው መልስ የደረሰችበት ሐሳብ ለጥሪዋ ብቁ ለመሆን በመጀመሪያ ድል ልታደርገው የሚገባት በሰው ፊት የመታየትና የመመስገን ምኞት ነው የሚል ነበረ። ሠንጠረዡን የሠራችውም፥ በራሷ ላይ የፈረደችውም አንዲት እጅ መሆኗን ልብ ይሏል። ኋላ የጦር ሆስፒታሎችን የሞት ቍጥር እየመዘገበች በሥዕል አስልታ ለእንግሊዝ መንግሥት ያቀረበችው ይህችው እጅ ናት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ከውጭ ሲታዩ የምቾት፥ ከውስጥ ሲታዩ የመከራ ነበሩ። ጥሪዋ በሽተኞችን ማስታመም እንደ ሆነ ቀስ በቀስ ተረዳች። በ1845 በአቅራቢያቸው በነበረው በሶልስበሪ ሆስፒታል ጥቂት ወራት ሥራ እንድትማር ወላጆቿን ለመነች፤ ቤቱ በድንጋጤ ተናወጠ። እናትየዋን ለመውቀስ ግን አንቸኵልም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የነበሩት አስታማሚዎች ስማቸው በስካርና በነውር የታወቀ ነበረ፤ ክፍሎቹ የቈሸሹና የሚሸቱ ነበሩ። ልጇን እዚያ ስደጅ ሰው ምን ይለኛል ብላ የምታስብ እናት በእኛም አገር ብዙ ናት። ወይዘሮ ፋኒ ልጃቸውን ይወዱ ነበር፤ ክፉው ነገር የሚወዷት ሰዎች እንቢ ማለታቸው ነው፤ ጠላት ቢሆን ኖሮ ትታው በሄደች። ቅኔና ፖለቲካ ያጣመረ፥ ደግ ስም የነበረው ሪቻርድ ሞንክተን ሚልንስ የተባለ የፓርላማ አባልም ለብዙ ዓመት ሊያገባት ለምኖ፥ እርሷም ልቧ ሳይጠላው በ1849 እንቢ አለችው። እናቷ እጅግ አዘኑ፤ እርሷም ታመመች።

ለእንዲህ ያለው ሕመም የባለጸጋ ቤት መድኃኒቱ ጕዞ ነበረ። የቤተ ሰቡ ወዳጆች ሚስተር ቻርልስ ብሬስብሪጅና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሴሊና ወደ ግብፅ ሲሄዱ ይዘዋት ሄዱ። በኖቬምበር 1849 እስክንድርያ ደረሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አብረው ተጓዙ።

አንደኛው ለቤተ ሰቧ የምትልከው ረጅም ደብዳቤ ነው፤ ቀን በቀን የተጻፈ ስለ ሆነ ከማስታወሻ አይለይም። ሲነበብ የሚያስቅ፥ የሚያስተምር፥ ሥዕል የሚሥል ነው። በእስክንድርያ መስጊድ ለማየት የግብፅ ሴቶችን ልብስ ለብሳ፥ ፊቷን ተሸፍና እንደ ገባች ትተርካለች። ከካይሮ ወደ ላይ የወሰደቻቸው ዳሃቢያ የምትባለው ትልቅ ባለ ሸራ ጀልባ በእኅቷ ስም ፓርተኖፒ ተብላ ነበርና፥ ሰንደቅ ዓላማዋን ራሷ ሰፍታ ስሙን በግሪክ ፊደል በነጭ ጥብጣብ ጻፈችበት፤ ለዚህም ከቀሚሷ ጥብጣብ አንድም ሳይቀር እንዳለቀ እየቀለደች ለእኅቷ ትጽፋለች። በጃንዋሪ 1850 ወደ ኑቢያ ዘልቀው የአቡ ሲምበልን ቤተ ጣዖት፥ ከዐለት የተፈለፈሉትንም ታላላቅ የራምሴስ ምስሎች አዩ፤ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ሲገባ ለማየት ማልዳ ተነሥታ ነበር። (ያ ቤተ ጣዖት ዛሬ እርሷ ባየችበት ቦታ የለም፤ በአስዋን ታላቁ ግድብ ውኃ እንዳይሰጥም በ1960ዎቹ ዓመታት ተቈርጦ ከፍ ወዳለ ቦታ ተወስዷል።) ለእኛ ለአንባቢዎቹ ደግሞ ያ ጀልባዋን የተሸከመው ውኃ በአብዛኛው ከአገራችን ደጋ የወረደ መሆኑን ማሰብ ደስ ያሰኛል።

ሁለተኛው ለማንም ያላሳየችው ትንሽ የኪስ ማስታወሻ ነው። በዚህ ውስጥ ቀልድ የለም፤ ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ናቸው። ቤተ ሰቡ በሳቅ የሚያነበው ገጽ በተጻፈበት ሰሞን፥ በዚህችኛዪቱ ላይ የሚገኘው የነፍስ ጩኸት ነው። በደብዳቤዋ የካርናክን አምዶች አድንቃ ትጽፋለች፤ በማስታወሻዋ ግን ካርናክ እንኳ ለእርሷ ድምፅ እንደ ሌለው ትናገራለች። ደጋግማ የምትከስሰው አንድ ጠላት አላት፤ እርሱም የቀን ሕልም ነው። ሰዎች ሲያነጋግሯት፥ ቅርስ ስታይ፥ ስትጸልይ ሳይቀር፥ ሐሳቧ ሸሽቶ ታላቅ ሥራ ስትሠራ ራሷን ታያለች። ይህን እንደ ቀላል ነገር አልቈጠረችውም፤ ኃጢአት ብላ በየቀኑ ራሷን ትወቅሳለች። አባቶቻችን ኃጢአትን በኀልዮ፥ በነቢብና በገቢር ብለው ሲከፍሉ ሐሳብን ያስቀደሙበትን ምክንያት ይህችን ማስታወሻ ያነበበ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። እኛ እንደምናስበው ግን ያ ሕልም የሥራ ረኃብ ነበረ። እህል የተከለከለ ሰው በሕልሙ እንደሚበላ፥ ሥራ የተከለከለችው ልጅ በሕልሟ ትሠራ ነበር።

ማርች 7 ቀን 1850 እግዚአብሔር በማለዳ ጠርቷት ለእርሱ ብቻ ብላ፥ ስምና ምስጋና ሳትሻ መልካም ልትሠራ ትፈቅድ እንደ ሆነ እንደ ጠየቃት ጻፈች። ከ11 ዓመት በፊት ከኢጣልያ ስትመለስ ያወቀችው ያ ፈተና፥ በሰው ዘንድ የመመስገን ምኞት፥ አሁን በጥያቄ መልክ ተመልሶ መጣባት።

በዚያው በእስክንድርያ የቅዱስ ቪንሰንት ዴ ፖል ማኅበር ደናግል ድኾችን ያለ ዋጋ የሚያክሙበትን ቤት ጐብኝታ ነበር። ቍጥራቸው 19 ብቻ ሲሆን የብዙ ሰው ሥራ እንደሚሠሩ አድንቃ ጽፋለች። ከታላላቆቹ ሐውልቶች ሁሉ ይልቅ ልቧን የያዛት ይህ እንደ ሆነ ማስታወሻዎቹን አስተያይቶ ማየት ይበቃል።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዳችን ወጣ ብለን ስለ ሌላይቱ ባለጸጋ እንናገር። ከ12 ዓመት በኋላ በዚያው ወንዝ ላይ አሌክሲን ቲኔ የምትባል የኔዘርላንድ ልጅ ተጓዘች። እርሷን የከለከላት አልነበረም፤ እናቷና አክስቷ አብረዋት ሄዱ፤ በ1862 እስከ ጎንዶኮሮ ዘለቀች። ቀጥሎም ወደ ባሕር ኤል ጋዛል ስትሄድ ከተከተሏት አንዱ፥ ቀደም ብሎ ወደ አገራችን መጥቶ ዐፄ ቴዎድሮስን ያየው ጀርመናዊው ተመራማሪ ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ነበረ። እናቷና አክስቷ በዚያ ጕዞ ምክንያት በ1863ና በ1864 ሞቱ፤ እርሷም በ1869 በሰሐራ በረሓ ተገደለች። ገንዘብ በር ይከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ግን አይመርጥም። የፍሎረንስ ነገር የተለየ የሚሆነው የአባቷ ገንዘብ በዓለም ያለውን በር ሁሉ ሲከፍትላት፥ በቤቷ አጠገብ ያለውን የአንድ ሆስፒታል በር ብቻ ስለ ዘጋባት ነው።

ከግብፅ ወደ አቴና ሄዱ። ሜይ 12 ቀን 1850 ልደቷ ነበረ፤ 30 ዓመት ሞላት። በማስታወሻዋ ላይ ይህ ጌታችን ሥራውን የጀመረበት ዕድሜ መሆኑን አነሣች፤ ከእንግዲህ የልጅነት ነገር፥ ፍቅርና ትዳር እንዲቀርና የእግዚአብሔርን ፈቃድ ብቻ እንድታስብ ለመነች። በዮርዳኖስ የተጠመቀውን ጌታ ዕድሜ ከራሷ ዕድሜ ጋራ ማስተያየቷ ለድፍረት አይቈጠርባትም፤ ያልጀመረ ሰው ሐዘን ነውና። በደብዳቤዎቿ ግን የአቴና ወሬ ሌላ ነበረ። በፓርተኖን አጠገብ ልጆች ሲያሠቃዩዋት ያገኘቻትን አንዲት ትንሽ ጕጕት ገዝታ አቴና ብላ ሰየመቻት፤ በኪሷም ይዛት ትዞር ነበር።

ወደ አገር ሲመለሱ በጀርመን አለፉ። ደጓ ወይዘሮ ሴሊና ከባለቤታቸው ጋራ መክረው፥ በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በካይዘርስቬርት ትቈይ ዘንድ ፈቀዱላት፤ ጁላይ 31 ቀን ደረሰች። በዚያ ቴዎዶር ፍሊድነር የሚባሉ የፕሮቴስታንት ቄስ ከባለቤታቸው ጋራ በ1836 ያቋቋሙት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ነበረ። ሥራውን የሚሠሩት ሴቶች ዲያቆናውያት ይባሉ ነበር። ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ፌቤንን የሚያነሣት ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሆኗን መስክሮ ነው፤ በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያንም ዲያቆናዊት ሴቶችን በማገልገል ትታወቃለች። ፍሎረንስ በዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቈየች። በዚያ ከገበሬ ቤት የመጡ፥ አነጋገራቸው ንጹሕ፥ ሥራቸው የታወቀ ሴቶች በሽተኛ ሲያጥቡና ሲያስታምሙ አየች። እናቷ የሚፈሩት ነገርና ይህ አንድ አለመሆኑን በዓይኗ አረጋገጠች። ወዲያውም ስለ ቤቱ አንዲት አጭር መጽሐፍ ጽፋ በ1851 ስሟን ሳትጠቅስ አሳተመች። ከጕዞ ማስታወሻዎች ሁሉ በሕይወቷ ለሕዝብ የወጣላት የመጀመሪያው ፍሬ ይህ ነው፤ በውስጡ ግን ፒራሚድ የለም፤ ያለው የሆስፒታል አሠራር ነው።

በኦገስት ወር ጕጕቷን በኪሷ ይዛ ቤቷ ገባች። ቤተ ሰቡ በደስታ ተቀበላት፤ ካይዘርስቬርት እንደ ቈየች ሲሰሙ ግን ደስታው ጠፋ። እንደ ገና አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በክርክር አለፈ። በመጨረሻ በ1851 በጋ እናቷና እኅቷ ለጤና ወደ ካርልስባድ ፍል ውኃ ሲሄዱ፥ እርሷ ወደ ካይዘርስቬርት ተመልሳ ሦስት ወር እንድትማር ፈቀዱ፤ ነገር ግን ለዘመድ ወዳጅ እንዳይነገር ሆነ። የተማረችው ባለጸጋ ልጅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሣች፥ አራቱን የቀን ምግቦች እያንዳንዳቸውን በዐሥር ደቂቃ እየጨረሰች በሽተኛ ስታስታምም ከረመች፤ ለእናቷም በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት እንደማያውቅ ጻፈች። እናቷ ለዚህ ደብዳቤ የሚገባውን መልስ አልሰጡም።

በ1853 በለንደን የታመሙ እመቤቶች የሚታከሙበትን አንድ ትንሽ ሆስፒታል እንድታስተዳድር ተጠራች፤ አባቷም በዓመት 500 ፓውንድ ቈረጡላት፤ ከብዙ ዝምታ በኋላ የአባት በረከት ነበረ። በ1854 የክሪሚያ ጦርነት በተጋጋለ ጊዜ መንግሥት ለመናትና 38 ሴቶች አስከትላ ኖቬምበር 4 ቀን ከቍስጥንጥንያ አጠገብ ስኩታሪ ደረሰች። ለመነሣት ቤቱ ሁሉ ሲጣደፍ ጕጕቷን ያስታወሳት አልነበረም፤ በዚያው ሰሞን ሞታ ተገኘች። እኅቷ ፓርተኖፒ ኋላ የጕጕቷን ታሪክ ከነሥዕሉ ጽፋ ለፍሎረንስ ላከችላት።

ከግብፅ የተላኩትንም ደብዳቤዎች አሰናድታ በዚያው በ1854 ለዘመድና ለወዳጅ ያሳተመቻቸው ይህችው እኅት ናት። በ1987 ደግሞ ለሕዝብ ታትመው ወጡ። ትንሿ የኪስ ማስታወሻ ግን ባለቤቷ በ1910 በ90 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ፥ ከሞተችም በኋላ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ከወረቀቶቿ ጋራ ተቀምጣ፥ እስከ 1990ዎቹ ዓመታት ድረስ በመጽሐፍ መልክ ሳትታተም ቈየች።